ደማችን ለምን ቀለም ይነከራል?

ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ብርድ ብርድ ሲለው፣ ራሱን ሲያመው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሐኪሙ ጥቂት ነገር ከጠየቀው በኋላ «ደም ተመርመር» ብሎ ወረቀት ይሰጠዋል። ላቦራቶሪ ገብቶ ጣቱን ይወጋል። የወጣችው ደም በአንዲት ስስ መስታወት ላይ ትደረጋለች። መስታወቷን ስላይድ ይሏታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፤ «ውጭ ቆይ፣ እንጠራሃለን» ይባላል።

መቆየቱ ነው የሚያስመርረው። ከሐብሩ ገጠር በእግሩ ተነሥቶ መርሳ የደረሰ ገበሬ፣ ልጇን አዝላ ወልድያ ሆስፒታል የመጣች እናት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠብቃሉ። «ጠብታ ደም ለማየት ይህን ያህል ምን ያስቆያል? ወይ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል፣ ወይ ረስቶናል» የሚል አይጠፋም። ገበያው እንዳይበተንበት፣ መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ውጤቱን ሳይሰማ የሚሄድም አለ። ወረፋ ሲበዛ እንደሚያስቆይ እናውቃለን። ነገር ግን ወረፋ ባይኖርም እንኳ ደሙ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። መድረቅ አለበት፤ ከደረቀም በኋላ ቀለም መነከር አለበት።

ቀለም? ደም ደግሞ ለምን ቀለም ይነከራል? ማይክሮስኮፕ ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ አይደለም ወይ? ካጎላው ወዲያ ቀለሙ ምን ያደርጋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ሕዋስ ምን እንደሆነ እንወቅ። የድንጋይ ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሕይወት ያለው ነገር አካልም የተሠራው ከሕዋሳት ነው። ሰውም፣ በሬውም፣ ማሽላውም፣ ማንጎውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ድንጋዩ ሕይወት የሌለው ሲሆን ሕዋሱ ግን ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይባዛል። ሕዋስ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ ስንል ምን ያህል ነው? የጤፍ ፍሬን ሁላችንም እናውቃታለን። ከእጅ ብትወድቅ የምትጠፋ ፍሬ ናት። በአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ ቀይ የደም ሕዋሳት ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከ100 በላይ ይሆናሉ። ጤፍ በምታህል የደም ጠብታ ውስጥም ሚሊዮኖች ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ዓይን ብቻውን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ተሠራ። ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው ማይክሮስኮፕ አንዱን ነገር 1,000 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ማጉላት አንድ ነገር ነው፣ መለየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት አንድ የጠራ የጠርሙስ ስባሪ በጠራ ውኃ ውስጥ እንደወደቀ አስቡ። ስባሪውን ማየት ይቸግራል። በእጃችን እየዳበስን ብንፈልገው ሊቆርጠን ይችላል እንጂ በዓይናችን ቶሎ አናገኘውም። ለምን? ትንሽ ስለሆነ ነው? አይደለም። እጅ የሚያህል ስባሪ ቢሆንም ያው ነው። የማይታየው ውኃውም የጠራ፣ ጠርሙሱም የጠራ ስለሆነ ነው። ብርሃን ሁለቱንም ያልፋቸዋል። አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ዓይን አያገኝም።

ሕዋስም እንደዚሁ ነው። አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። ብርሃን በላዩ ሲያልፍ ምንም ሳይነካው ያልፋል። ከሽንኩርት ንብርብር መካከል ያለችውን ነጭ ስስ ሽፋን ልጣችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩ፣ የሕዋሳቱን ግድግዳ እንደ ደብዛዛ መስመር ታዩት ይሆናል። ውስጡን ግን ባዶ ቤት ይመስላችኋል። በሽፋኗ ላይ አንድ ጠብታ አዮዲን፣ ያው ቁስል ላይ የሚደረገው አዮዲን፣ ቢንጠባጠብበት ወዲያው ነገሩ ይለወጣል። በየሕዋሱ ውስጥ አንዳንድ ክብ ነጥብ ብቅ ይላል። ይህ ነጥብ አስኳል ይባላል፤ እንደ እንቁላሉ አስኳል ማለት ነው። አዮዲኑ አስኳሉን አልሠራውም። ድሮም እዚያው ነበረ። እኛ ነን ያላየነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ደም እኮ ራሱ ቀይ ነው! ቀይ ነገር ላይ ደግሞ ምን ቀለም ይጨመራል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡና በጀበና ውስጥ ሳለ ጥቁር ነው። ጠብ ብሎ ስኒ ማስቀመጫው ላይ በስሱ ሲፈስ ግን ሳሳ ብሎ ቡናማ ይሆናል። ደምም እንደዚያ ነው። ሚሊዮኖች ሕዋሳት አንድ ላይ ሲሆኑ ቀይ ነው። አንዷ ሕዋስ ለብቻዋ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ግን ፈዛዛ ቢጫ ናት። በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጭራሽ ቀለም የላቸውም። የወባ ተሕዋስ ደግሞ፣ ጀርም የምንለው ማለት ነው፣ በቀይዋ ሕዋስ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚኖር፣ ከሷም በብዙ የሚያንስ፣ ገና ልጅ ሳለ ቀለም አልባ የሆነ ፍጡር ነው። ይህን በባዶው ፈልጎ ማግኘት ጭጋግ ውስጥ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ነው።

ታዲያ ቀለም የሚረዳው እንዴት ነው? ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት የሚያቀልም ቢሆን ምንም አይረዳም ነበር። ጭጋጉም በጉም ሰማያዊ ቢሆን ያው አይታዩም። የቀለሙ ጥቅም ሁሉን እኩል አለመያዙ ነው።

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለሠርግ እጇን ሂና የተቀባችን ሙሽራ ተመልከቱ። ሂናው አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። የተቀባውም በአንድ ሌሊት ነው። ጠዋት ሲታጠብ ግን መዳፏና ጥፍሯ አጥብቀው ይዘውት ይደምቃሉ፤ የእጇ ጀርባ ግን ፈካ ይላል። እንሶስላ የሞቁ እናቶችም ይህን ያውቁታል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ጥፍርም የተሠራበት ነገር ቀለሙን ይወድዳል። ቀለም ማለት እንግዲህ እንደዚህ ነው። ከሚስማማው ጋር ይጣበቃል፤ ከማይስማማው ላይ ታጥቦ ይሄዳል።

በሕዋስ ውስጥም የሚስማማና የማይስማማ አለ። የባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚባሉ ሁለት ወገኖች እንዳሉት እናውቃለን። ቀለሞችም እንደዚሁ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የሕዋስ ክፍሎችም እንዲሁ። ተቃራኒ የሆኑት ይሳሳባሉ። የአስኳሉ ውስጥ አሲድነት ስላለው ሰማያዊውን ወገን ይስባል። ደምን የሚያቀላው ነገር ደግሞ ሮዝ የሆነውን ወገን ይስባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ለወባ የሚያገለግለው ቀለም ጊምሳ ይባላል። እሱም ሜቲሊን ብሉ ከሚባል ሰማያዊ ቀለምና ከሱ ከሚወጡ ቀለሞች፣ እንዲሁም ኢዮሲን ከሚባል ሮዝ ቀለም የተደባለቀ ነው። አንድ ብልቃጥ ነው፤ ሲነከርበት ግን እያንዳንዱ ክፍል ከድብልቁ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ቀይዋ ሕዋስ ሮዝ ትሆናለች። የነጩ ሕዋስ አስኳል ወይን ጠጅ ይሆናል። የወባው ተሕዋስ አካል ሰማያዊ ይሆናል፤ አስኳሉ ግን ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በሮዟ ሕዋስ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ቀለበት፣ በቀለበቷም ላይ አንድ ቀይ ፈርጥ ትታያለች። የጣት ቀለበት ከነፈርጡ ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ማንኛውንም የላቦራቶሪ ባለሙያ ብትጠይቁት መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለዚህች ቀለበት ነው።

ይህ ቀለም ከየት መጣ? ታሪኩ ደስ ይላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1856 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ኪኒን ለመሥራት ይሞክር ነበር። ኪኒን የወባ መድኃኒት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከዛፍ ልጣጭ ብቻ ይገኝ ነበር። ወጣቱ መድኃኒቱን አላገኘም። በዕቃው ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ግን ጨርቅ ሲነካ ወይን ጠጅ አደረገው፤ ቢያጥቡትም አልለቅ አለ። የወባ መድኃኒት ፍለጋ ቀለም ወለደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ የሚሠራ ቀለም በዝቶ፣ በተለይ በጀርመን አገር ትልቅ ንግድ ሆነ። የጨርቅ ቀለም ነበር። ሐኪሞች ግን «ጨርቅን የያዘ ሥጋንስ አይዝም ወይ?» ብለው ሞከሩት። ፓውል ኤርሊክ የሚባለው ጀርመናዊ ገና ተማሪ ሳለ ጀምሮ ሥራው ሁሉ ቀለም ነበር። ሜቲሊን ብሉ የወባን ተሕዋስ እንደሚይዝ ባወቀ ጊዜም፣ «ከያዘው ይገድለውም ይሆናል» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1891 ያንኑ ቀለም ለወባ በሽተኞች እንደ መድኃኒት ሰጠ። እንደ አሳቡም ረድቷቸዋል።

ያለ ቀለም ወባን ያየ ሰው የለም ወይ ቢባል፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ አልፎንስ ላቨራን የሚባል የፈረንሳይ ጦር ሐኪም በበሽተኛ ደም ውስጥ ጅራፍ እንደሚወነጭፍ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። ያየው ስለተንቀሳቀሰ ነው። ሣር ውስጥ የተኛች ድርጭት አትታይም፤ ስትበር ትታያለች። ላቨራን ያየውን ቢናገር ግን ብዙ ሊቃውንት ዓመታት እስኪያልፉ አላመኑትም። እነርሱ ሲያዩ አይታያቸውም ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1891 ሮማኖቭስኪ የሚባል የሩሲያ ሐኪም ሰማያዊውንና ሮዙን ቀለም አደባልቆ የተሕዋሱን አስኳል ቀይ አድርጎ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ጉስታቭ ጊምሳ የተባለ የሐምቡርግ የኬሚስትሪ ሰው ድብልቁን እንዳይበላሽ አድርጎ አሻሻለው። ዛሬ ወልድያ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያለው ብልቃጥ የሱን ስም ይዟል።

አሁን ወደ አግዳሚ ወንበሩ እንመለስ። እናንተ ውጭ ስትጠብቁ ውስጥ ምን ይደረጋል?

በስላይዱ ላይ ደሙ በሁለት ዓይነት ይደረጋል። አንዱ ወፈር ያለ ነው፤ ጠብታው በክብ ይለወሳል። ሌላው እንደ እንጀራ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ወፍራሙ ብዙ ደም ስለያዘ ወባ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ይጠቅማል። ስሱ ደግሞ የወባውን ዓይነት ለመለየት ይጠቅማል። ሁለቱም መድረቅ አለባቸው። ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ እሳት ይንካው እንዳይባል ወፍራሙ ደም ይበስላል፤ የበሰለ ደም ደግሞ አይጠራም። በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። በክረምት ሲሆን መድረቁ ይዘገያል። ከዚያ ስሱን ብቻ ሜታኖል በሚባል አልኮል ይነክሩታል፤ ሕዋሳቱ እንዳሉ እንዲጸኑ ነው። ወፍራሙን አይነክሩትም። ወፍራሙ ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት በቀለሙ ውኃ ፈርሰው እንዲሄዱና ተሕዋሱ ብቻ እንዲቀር ይፈለጋል። እንክርዳዱን ለማግኘት ስንዴውን እንደ ማፍሰስ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀለሙ ይፈስበታል። ቀለሙ ከመቶ 10 እጅ ሆኖ ከተበጠበጠ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ከመቶ 3 እጅ ሆኖ ከቀጠነ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። መበጥበጫው ውኃ እንኳ የተመጠነ ነው። ውኃው ወደ አሲድ ካደላ ሁሉ ነገር ሮዝ ይሆናል፤ በተቃራኒው ካደላ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀለበቷም ፈርጧም አይለዩም። ከዚያ ይታጠባል፤ እንደገና ይደርቃል። አንድ ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ሥራው ገና ነው። ባለሙያው «ወባ የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ 100 የተለያየ ቦታ ማየት አለበት። አንድ ቦታ ዓይቶ የለም ማለት አንድ ትልም ዓይቶ በማሳው አረም የለም እንደ ማለት ነው።

አንድ ሽማግሌ ላቦራቶሪ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ኧረ ቶሎ በልልኝ!» ቢሉ፣ ባለሙያው «አብሽሩ አባባ፤ ሂናው ሳይዝ እጅ ይታጠባል?» ቢላቸው መልሱ በቂ ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ «አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ እስከዚያ ምሳዎን ይብሉ» ብሎ አስቀድሞ መናገርም ከባለሙያው ይጠበቃል። ሰው ምክንያቱን ካወቀ ይታገሣል። ሳይነገረው ሲቀር ነው የሚማረረው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ትኩሳት ሁሉ ወባ ቢሆን፣ ወባም ሁሉ አንድ ቢሆን አያስፈልግም ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በሐብሩ ቆላማ ቀበሌዎች እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ወባማ አገር ሁለት ዓይነት ወባ አለ። አንዱ ፋልሲፓረም፣ ሌላው ቫይቫክስ ይባላል። በሽተኛው ሁለቱንም ያው «ወባ ያዘኝ» ነው የሚለው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል። በቀለም ሲታዩ ግን ይለያያሉ። የፋልሲፓረም ቀለበት ቀጭን ናት፤ ሲቆይ ደግሞ ሙዝ የሚመስል ቅርጽ ያወጣል። መርሳ ገበያ ያለውን ሙዝ አስቡ፤ እንደሱ ቆልመም ያለ ነው። ቫይቫክስ የገባባት ቀይ ሕዋስ ግን ታብጣለች፤ ሮዝ ነጠብጣብም ይወርርባታል። ፋልሲፓረም ፈጥኖ ወደ አንጎል ሊደርስና በተለይ ሕፃንን በአጭር ቀን ሊገድል ይችላል። ክሎሮኪን አይበግረውም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የሚታከመው ኮአርተም በሚባለው ድብልቅ መድኃኒት ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ተንኮሉ ሌላ ነው። ከደም ቢጠፋ እንኳ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። እሱን ከጉበት የሚነቅለው ፕሪማኪን የሚባል ተጨማሪ መድኃኒት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይዋጣል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እንግዲህ «ወባዬ በየዓመቱ ይመለስብኛል» የሚል ሰው፣ ሁልጊዜ አዲስ ቢምቢ ነክሳው ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው እንግዳ ግርሻ ነው። ግርሻን የሚያመጣው የሰው ቅማል ነው። እሱም ያተኩሳል፣ ራስ ያማል፣ ለቀቅ አድርጎ ቆይቶ ይመለሳል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ከብዙ የዓለም አገሮች ሲጠፋ በኢትዮጵያ ግን እስካሁን አለ። ቤት ውስጥ ሆኖ ከወባ ለመለየት ያስቸግራል። ያው የጊምሳ ቀለም ግን ይለየዋል። የግርሻ ተሕዋስ በሕዋሳቱ መካከል እንጂ በሕዋሷ ሆድ ውስጥ አይታይም። ቀለበትም አይደለም፤ እንደ ተጠቀለለ ወይን ጠጅ ክር ነው። የወባ ኪኒን አይገድለውም። በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይታከማል፤ መድኃኒቱ እንደ ተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ስለሚያስነሣ በሽተኛው በጤና ባለሙያ ፊት ሊወስደው ይገባል። ግርሻ ይዞት «ወባ ነው» ብሎ ከጎረቤት የተረፈ የወባ ኪኒን የሚውጥ ሰው ቀኑን ያጠፋል፤ ሕይወቱንም ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ ተረፈ ኪኒን ካነሣን ይህንንም እንጨምር። ሳይመረመሩ ሁለት ሦስት ፍሬ ውጦ፣ ሳይሻለው ሲቀር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ብዙ ነው። ያቺ ሁለት ፍሬ ወባውን አትጨርሰውም፤ ታሳሳዋለች እንጂ። የሳሳ ወባ ደግሞ ቀለም ቢነከርም ለማግኘት ያስቸግራል። ባለሙያው 100 ቦታ ፈልጎ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ደም መስጠት ይቀድማል፣ መዋጥ ይከተላል። ቀድሞ የዋጠ ሰው ካለም የዋጠውን ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር በ1950 መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። ወረርሽኙ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነበር። መርሳም ወልድያም በዚህ ከፍታ ገደማ ናቸው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወባን ለመከላከል በሙከራ ከተመረጡት የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ ከወልድያ በስተሰሜን ያለው የቆቦና ጨርጨር ሜዳ ነበር። ከወረርሽኙ በኋላም የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቤታችንን ዲዲቲ ይረጩ የነበሩትን የወባ ሠራተኞች ያስታውሳሉ። እነዚያ ሠራተኞች መርጨት ብቻ አልነበረም ሥራቸው፤ ጣት እየወጉ ስላይድ ይሰበስቡም ነበር። የሰበሰቡት ስላይድ ሁሉ ቀለም ተነክሮ ይታይ ነበር። የትኛው መንደር ወባ እንዳለበት፣ የትኛው እንደ ዳነ የሚታወቀው በዚያ ነው።

በቀለም የሚገኘው ጠላት ወባና ግርሻ ብቻ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳም አለ። የሱ ግን አቀላለሙ ለብቻው ነው፤ ምክንያቱም ተሕዋሱ ሰም የመሰለ ሽፋን ለብሷል። ቅቤ የተቀባ ቆዳ ላይ ውኃ ቢያፈሱ ተንሸራትቶ ይወርዳል እንጂ አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም በተራ ቀለም ቢነከር እንዲሁ ይሆናል። መላው ምን ሆነ? በአክታው ላይ ካርቦል ፉክሲን የሚባል ቀይ ቀለም ይፈስበትና ከሥሩ በእሳት ይሞቃል። ሳይፈላ፣ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ነው። ሰሙ ሲሞቅ ይላላል፤ ቀለሙ ይገባል። ሲቀዘቅዝ በሩ ይዘጋበታል። ከዚያ አሲድ ባለበት አልኮል ያጥቡታል። ሌላው ነገር ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የሳንባ ነቀርሳው ተሕዋስ ብቻ አይለቅም። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች ተበታትነው ይታያሉ። የተሕዋሱ ብርታት ያ ሰም ነበር፤ ያጋለጠውም ያው ሰም ሆነ። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ይህን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ መሆኑን ለዓለም ያሳየው አዲስ አቀላለም አግኝቶ ነው።

እዚህ ላይ አክታ የምንሰጥበት መንገድ ወሳኝ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚሆን ተሕዋስ ከሌለ በማይክሮስኮፕ ለማግኘት ያስቸግራል። ምራቅ የሰጠ ሰው ምንም አልሰጠም ማለት ነው። ከደረት በሳል ተጎትቶ የወጣ፣ በተለይም የማለዳ አክታ ነው የሚፈለገው። በአሁኑ ጊዜ ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ ባለበት ቦታ ቀለም ሳያስፈልግ በጥቂቱም ያገኘዋል። መሣሪያው በሁሉ ቦታ አይገኝም፤ መብራትም ይፈልጋል።

ለወባም ቀለም የማይፈልግ ፈጣን መመርመሪያ መጥቷል። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ያ ትንሽ ነጭ ነገር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ በመስመር ይናገራል። ለገጠር ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ታዲያ ማይክሮስኮፑ ለምን አልቀረም? አንደኛ ነገር መመርመሪያው አለ የለም ይላል እንጂ ምን ያህል እንዳለ አይቆጥርም። ግርሻንም አያሳይም። ከዚህም በላይ፣ አንዳንድ ዓይነት መመርመሪያ የሚፈልገውን ነገር የማያመነጭ ፋልሲፓረም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ መገኘቱ በጥናት ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። እንዲህ ያለው ወባ ከመመርመሪያው ያመልጣል። ከቀለም ግን አያመልጥም።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በደረሰ ጊዜ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ፈረሱም። የላቦራቶሪ ዕቃ ሲጠፋ ሐኪም ቢኖርም በግምት ለማከም ይገደዳል። ማይክሮስኮፕ ውድ ዕቃ ነው፤ በቀላሉ አይተካም። ቀለሙ ግን ከሱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ማይክሮስኮፕ ኖሮ ቀለም ካለቀ ደግሞ ማይክሮስኮፑ መኖሩ ብዙም አይረዳም።

ውጤቱ ተነግሮን ወደ ቤታችን ከሄድን በኋላም ያቺ ስላይድ ሁልጊዜ አትጣልም። ጥቂቶቹ ተመርጠው በሳጥን ይቀመጣሉ። በኋላ ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያው ምን ብሎ እንደ ጻፈ ሳይነገረው እንደገና ያያቸዋል፤ ሁለቱ የተስማሙ እንደሆነ ይመረመራል። ይህን ማድረግ የሚቻለው በደንብ የተነከረ ቀለም ከፀሐይና ከእርጥበት ከተጠበቀ ለዓመታት ስለማይለቅ ነው።